የቀዩ አንጮቴ እናት

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ሩዝ አልቋል። ዘይቱም ከጀሪካኑ ሥር ደርሷል። ምራቴን ሊዲያን ጀማል ሱቅ ደርሰሽ ነይ ብላት መሬት መሬት ታያለች። ደረጀ ከልክሏል አለችኝ። ከምን? ከሩዝ። ከመኮሮኒ። ከሩቅ ከሚመጣ ነገር ሁሉ።

ደብተሬ፣ ያልሰማሽው ጉድ የለም፣ ይህንንም ስሚ። ልጄ ደረጀ አካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት ነው የሚሠራው። ሥልጠና ብሎ ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ገበታ በቀረበ ቁጥር ይሰብከናል። ሩዙ በመርከብ ባሕር ይሻገራል። ከዚያ በከባድ መኪና እስከ መቱ ጭስ እየተፋ ይመጣል። ጭሱ አየሩን ያሞቃል። አየሩ ሲሞቅ ዝናቡ ይዛባል። ስለዚህ ከእንግዲህ እዚሁ የበቀለውን ብቻ እንበላለን። ጎደሬ፣ ቦዬ የምንለው ሥር፣ በቆሎ፣ ጎመን።

ዝናቡ መዛባቱን እኔም አይቻለሁ። ውሸቱን ነው አልልም። ግን ለምን ከእኔ ሳህን ይጀመራል? ጥርሴ አልቋል። ሩዝ ለስላሳ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ቤት ድግስ ብቻ የማየው ምግብ በመጨረሻ ቤቴ ገባ። ገና ሳልጠግበው ይውጣ ተባለ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ጎደሬ። ትናንትም ጎደሬ። ጾም ስለሆነ ቅቤ የለው፣ አይብ የለው። ጉሮሮዬን ያሳክከኛል። ሊዲያ በደንብ ካልተቀቀለ እንደሚያሳክክ አታውቅም። የጅማ ከተማ ልጅ ናት። ጴንጤ ናት፣ የኛ ጾም አይመለከታትም፣ ግን ደረጀን ብላ ከእኛ ጋር ትበላለች። አንገቷን ስታሽ አያታለሁ። ደረጀም ጉሮሮውን እየጠረገ ፋይበር ነው ይላል።

አልነገርኳትም። ያሳክካት።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ደረጀ ትንሽ ተማሪ ሳለ ጎደሬ ቋጠርኩለት። የከተማ ልጆች ሳቁበት። እያለቀሰ መጣ። ሁለተኛ ይህን ብትቋጥሪልኝ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። የሰው ልብስ አጥቤ ዳቦ ገዛሁለት። እጄ እስኪላጥ። ያ ልጅ ነው ዛሬ ጎደሬን ባህላዊና ጤናማ ምግብ የሚለው። እኛ ስንበላው ስሙ ድህነት ነበር። ባለ ደመወዝ ሲበላው ሌላ ስም ወጣለት።

ያን ዳቦ ረስቶታል። ምን አለ ባይረሳው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ቅዳሜ። በጽ/ቤቱ አዳራሽ የአካባቢ ምግብ ይቀርባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። ጨርቁ ተጽፎ መጥቷል፦ የአካባቢያችንን እንብላ። እኔው ራሴ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከነጣ በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ጨርቅ ላይ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነበው አላልፍም።

ደረጀ አንጮቴ ሥሪልኝ አለኝ። ያንቺን ቀዩን ይለኛል። ጊዜው አልፏል አልኩት። አንጮቴ በመስቀል ይወጣል፣ ቢበዛ እስከ ጥር ይበላል። አሁን ጓሮ ያለችው እናቲቱ ብቻ ናት አልኩት። ስልኩን እየነካካ እሺ እማዬ አለኝ።

ለአንቺ ላስረዳሽ፣ አንቺ ስልክ የለሽም። አንጮቴ እንደ ዱባ ሐረጉ ይሳባል፣ ሥሩ እንደ ድንች መሬት ውስጥ ይወፍራል። ሌላው ሁሉ ተቆፍሮ ሲበላ አንዷ ትቀራለች። እሷ አትቆፈርም። በየዓመቱ ከእሷ ሐረግ ይነሣል፣ ያፈራል፣ ከፍሬዋ ዘር ይወጣል። እናት የምንላት ለዚህ ነው። ያቺን ያወጣ ሰው የቤቱን አንጮቴ ጨረሰ ማለት ነው። የእኔዋ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። አንድ ዓመት እሱ ሲኮተኩት በዶማ ጎኗን መታት፣ ጠባሳ ይዛ ኖረች።

ዘሩን የሰጠችኝ አማቴ ናት፣ ሙሽራ ሆኜ ስገባ። በእኛ ዘንድ የቤት አንጮቴ ዘር አይገዛም፤ አማት ለምራት፣ እናት ለልጅ ትሰጣለች። ለእኔ ሰጠች። ለልጇ ለወርቅነሽም፣ ጎሬ ስትዳር ሰጠች። እኔ ለሊዲያ አልሰጠኋትም። አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም እንጃ።

ደረጀን ተቆፍሮ የቆየውን የገበያውን ነጩን ግዛና እሠራልሃለሁ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ለጾም መሥሪያ የኑግ ዘይት ፍለጋ ጀማል ሱቅ ሄድኩ። ሳቀብኝ። "እትዬ አስካለች፣ ኑግ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ያለው ይኸ ቢጫው ጀሪካን ነው፣ ከማሌዥያ የመጣው።" ታዲያ ይኸኛው በእግሩ ነው የመጣው አልኩት። "ለደረጀ አይንገሩበት እንጂ ይብሉበት" ብሎ ቀዳልኝ። የአካባቢያችን ምግብ በማሌዥያ ዘይት ይሠራል እንግዲህ። ስወጣ ግማሽ ኪሎ መኮሮኒም በነጠላዬ ሸሽጌ ወጣሁ። በስተርጅና ሌባ ሆንኩ፣ በገዛ ቤቴ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ቤ/ክ። ቅዳሴው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አለቀ። ጉልበቴ የለም። ስገባ ሊዲያ እጇ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በር ላይ ተቀበለችኝ። ፊቷ በርቷል። እማማ፣ ነገ የሚያኮራዎት ነገር አለ አለችኝ። ምን ይሆን? ይህች ልጅ ስትደሰት ያስፈራኛል። ጋደም ልበል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

አሁን ገና ገባሁ፣ ጽሕፈቴ ቢጣመም ታገሺው።

ጠዋት ነጩን አንጮቴ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ወቅጬ፣ በቃሪያና በዚያ ዘይት አሽቼ ወሰድኩ። እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። ሹፌሮቹ ሞተር ሳያጠፉ ይጠብቃሉ። የታሸገ ውኃ በካርቶን ይወርዳል፣ ሶር ወንዝ አፍንጫችን ሥር እየፈሰሰ። ይሁን።

አዳራሹ መሐል ጠረጴዛ አለ። ላዩ ላይ የኮባ ቅጠል ተነጥፏል። ቅጠሉ ላይ ትልቅ አንጮቴ፣ ታጥቦ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል። ሰው ከቦ ፎቶ ያነሣዋል። እኔም ተጠጋሁ። የማን ይሆን፣ ከእኔዋም ይበልጣል አልኩ በልቤ። ቀናሁ እንኳ። ከዚያ ጎኑን አየሁት።

የዶማው ጠባሳ።

እጄን ወደ ቅጠሉ ዘረጋሁ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። የእንግዶቹ አለቃ፣ ደርባባ ሴትዮ፣ እጄን ይዘው እናታችን እጅግ እናመሰግናለን አሉኝ። ደረጀ ከጎናቸው ቆሞ በእኔ ይኮራል። ከልቡ እየኮራ ነው፣ ያቃጠለኝ ይኸ ነው። እሺ ብዬ ሳህን ልሰበስብ ወደ ጓሮ ገባሁ። ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ ስጠኝ እለዋለሁ፣ ዛሬውኑ መልሼ እቀብራታለሁ፣ በአንድ ቀን አትሞትም አልኩ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ቅጠሉ ብቻ አለ። ደረጀ ለሴትዮዋ በስጦታ ሰጥቷቸዋል። መኪና ኋላ ተጭና ሄዳለች። ወደ አዲስ አበባ።

የአካባቢያችንን እንብላ።

ቤት ገብቼ ወጥ ቤቱ ሥር አየሁ። ጉድጓድ። ሐረጓ የወጣበት እንጨት ብቻውን ቆሟል።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ደረጀ አላወቅኩም አለ። ነግሬሃለሁ አልኩት። መቼ አለ። ስልክህን ስትነካካ አልኩት። ከገበያ እንገዛለን ይለኛል። ነጩን! ነጭና ቀይ አንድ ነው? ዘርስ የለሽም ወይ አለኝ። አምና ፍሬዋን ወፍ ጨረሰው። እናቲቱ አለችልኝ ብዬ አልተጨነቅኩም።

ከዚያ ወደ ሊዲያ ዞርኩ። ያልወጣኝ ነገር የለም። ያቺ ዝምተኛ ዛሬ ዝም አላለችኝም። እያለቀሰች ተናገረች። "እናት መሆኗን ማን ነገረኝ? እዚህ ቤት ከገባሁ ጓሮውን አትንኪ ነው እንጂ ይኸ እንዲህ ነው ብለውኝ ያውቃሉ? ትልቋን ያወጣሁት እርስዎን ላኮራ ብዬ ነው!"

እውነቷን ስለሆነ ጮኽኩባት። ከዛሬ ጀምሮ ከእሷ ጋር ቃል የለኝም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ገበያ ዞርኩ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። የማውቃቸውን ሴቶች ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም ቀዩን ትተውታል። ነጩ ቶሎ ይደርሳል፣ ለገበያ ያምራል። ከሶር በኩል የመጣች አንዲት አሮጊት ቅርጫቷን እያስተካከለች "ዱሪ ቱሬ" አለችኝ፣ ድሮ ነበረ ማለቷ ነው። ስለ ሞተ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው። ከእኔ ታንሳለች ደግሞ።

ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። መኮሮኒውን ቀቅዬ ለብቻዬ በላሁ። አልጣፈጠኝም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ደረጀ ለሴትዮዋ ስልክ ደወለ። ሳልጠይቀው ነው፣ ይህን ልመስክርለት። ቢቻል እንዲልኩልን ሊጠይቅ ነበር። ሲዘጋ ፊቱ ጠቁሯል።

ቀቅለው በልተዋታል።

ትንሽ ይመራል ብለዋል፣ ቃጫ ቃጫም ይላል፣ ሆኖም በጣም አመስግነዋል። ይመራል! ስታፈራ የኖረች አሮጊት ተቀቅላ ምን ልትጣፍጥ ኖሯል? እኔንስ ቢቀቅሉኝ?

ደረጀ ዛሬ በገበታ ላይ አልሰበከም። የምናገረው ሞልቶ ተርፎ ነበር፣ ግን የልጅነቱን ፊት አየሁበት፣ ጎደሬ ቋጥሮ ሄዶ የተሳቀበትን ቀን የመሰለ። ተውኩት። ሊዲያ ቀና አላለችም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዛሬ ሳህኔ ውስጥ፣ ከጎደሬው ሥር፣ ሩዝ አገኘሁ።

ደረጀ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሊዲያን አየኋት። እሷ ወደ በሩ ታያለች። ጎደሬው እንደማይስማማኝ አይታ ነው። ከጀማል ገዝታ ደብቃ ቀቅላልኛለች። ያልነገርኳትን አየች።

በሩዝ ልትገዛኝ ነው። እንዲያው ከንቱ ልፋት ነው። ሩዙን ግን ጨረስኩት። ከጎደሬው በታች ቀስ እያልኩ፣ ደረጀ እንዳያይ። ሁለታችንም ሌባ ሆንን፣ እኔና እሷ። ቃል ግን አልተነጋገርንም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

ጾሙ ተፈታ። ቅቤ ገባ፣ ዶሮ ገባ። እኔ ግን ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። ደመናው እየከበደ ነው። የአንጮቴ መትከያ እየደረሰ ነው። ይህ ዝናብ ካለፈ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው፣ እኔ ደግሞ ዓመት የሚጠበቅልኝ ሰው አይደለሁም።

ቀዩ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጎሬ። ወርቅነሽ ጋ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ከባለቤቴ ተስካር ወዲህ አልተያየንም። ለተስካሩ መኮሮኒ ቀቀልኩ። ድሃ ናት እንዳልባል፣ ባሏን በጎደሬ ዘከረችው እንዳልባል ብዬ፣ ከጀማል በካርቶን አስመጣሁ። እሷ በሰው ፊት ተነሥታ "ወንድሜን በመኮሮኒ ቀበርሽው!" አለችኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሰማ። እኔም የማይባል መለስኩላት።

አሁን እግሯ ሥር ሄጄ ልለምናት ነው? ለአንድ ሥር? በገበያ ድንችና ጎመን ሞልቶ?

እሄዳለሁ መሰለኝ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

በጠዋቱ ሚኒባስ ጎሬ ወጣሁ። ለማንም ሳልናገር።

ወርቅነሽ ዓይኗ ደክሟል። በር ላይ ተቀምጣለች። ድምፄን ስትሰማ "መኮሮኒዋ መጣች" አለች። እንደምን አደሩ እትዬ ወርቅነሽ አልኩ። "አልሞትኩም፣ ግቢ" አለችኝ።

ጎደሬ በቅቤ አቀረበችልኝ። እንደ ቅቤው የለሰለሰ። ምኔንም አላሳከከኝም። ጠርጌ በላሁ። ጣፈጠኝ፤ ለእሷ አልነገርኳትም፣ ለአንቺ እነግርሻለሁ።

ከዚያ ሁሉንም አወራኋት። ጨርቁን፣ እንግዶቹን፣ ጠረጴዛውን፣ መኪናውን። መጀመሪያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እኛ ሳንሄድ እሷ አዲስ አበባ ገባች!" ከዚያ ይመራል እንዳሉ ስነግራት ሳቋ ቆመ። "የእናቴን አንጮቴ?" አለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ያኔ ነው ያለቀስኩት። ጉድጓዱን ሳይ አላለቀስኩም ነበር።

ተነሥታ ከጓዳ ትንሽ ቅል አመጣች። ዘር ነው፣ በአመድ የታሸ፣ አማቴ እንደምታደርገው። እጄን ዘረጋሁ። ቅሉን ወደ ደረቷ ሳበችው።

ላንቺ አንዴ ተሰጥቶሻል አለችኝ። "ይኸ ለሙሽራ ነው የሚሰጥ። ሙሽራዋን አምጪያት።"

ቆፍራ ያወጣቻት እሷ ናት አልኩ።

"ያላሳየቻትስ ማን ናት?"

ጴንጤ ናት፣ የጅማ ልጅ ናት፣ ከእኔ ጋር አትነጋገርም አልኩ። ያለኝን ሰበብ ሁሉ ደረደርኩ። ወርቅነሽ ቅሉን ይዛ ገባች፣ ባዶ እጇን ወጣች። "መኮሮኒም ብትበላ ግድ የለኝም፣ አምጪያት ብያለሁ።" በቃ። ባዶ እጄን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እስከ መቱ ድረስ በልቤ ስሰድባት መጣሁ። አሮጊት! ዕድሜዋ አያስተምራት!

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ጉድጓዱን ሄጄ አየሁት። ውኃ ቋጥሯል። እንጨቱ አሁንም ቆሟል።

ከጎሬ ከመጣሁ ወዲህ ይቅር፣ ከእኔ ጋር ይቀበር እያልኩ ነበር። ማን ሊበላው? ልጄ ከሥልጠና ሲመለስ የሚበላው ሌላ ነገር ያመጣል። የእሱ ወሬ ይቀየራል፣ የእንግዶቹም ይቀየራል። እኔ ሩዝ እወዳለሁ፣ ሰው ቢጠይቀኝ አልክድም። ስለ ጭሱና ስለ ሰማዩ የተማሩት ይወቁት። ግን ገበያ ውስጥ ያቺ አሮጊት ዱሪ ቱሬ ያለችበት አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣም። ነገ ደግሞ ሌላዋ በእኔ ስም እንዲህ ትላለች። መቱ አንዲት አስካለች ጋ ነበረ፣ እሷ ጋ ቀረ ትላለች።

አይሆንም።

ወስኛለሁ፣ ጻፊው። ሰኞ ሊዲያን ይዤ ጎሬ እወጣለሁ። ዘሩን በእጇ ትቀበል። ጉድጓዱን እኔ አለሰልሳለሁ፣ ቦታውን እሷ ትምረጥ፤ ከወጥ ቤቱ ሥርም ይሁን ከአጥሩ፣ አልናገርም። ይቅር ብያት አይደለም። ይቅርታ የሚባለው ነገር ገና አልደረሰኝም። ደረጀም ጋ ያለኝ እንዳለ ነው።

አሁን የቸገረኝ አፌን በምን እንደምከፍተው ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ቃል አልወጣኝም። ጎሬ እንሂድ ብዬ በድንገት ብነሣ ትደነግጣለች። ሩዙን አመሰግናለሁ ልበል? ይህን አልችልም፣ ምላሴ አይታዘዘኝም።

ወጥ ቤት ናት። ጎደሬ ጥዳለች፣ ይሸተኛል። ገና አልበሰለም። ዛሬም እንደ ልማዷ ሳይበስል ልታወጣው ነው፣ ዛሬም ሦስታችን አንገታችንን ስናሽ ልንውል ነው።

እሱን ልንገራት። መጀመሪያ እሱን። ሊዲያ፣ ገና ነው፣ አታውርጂው፣ ውኃ ጨምሪበትና

ክዳኑን ስታነሣ ሰማሁ፤ ሳታወርደው ልድረስባት።